ሬዚስታንሱ የስንት ነው?

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠግኑ አንድ አረጋዊ ባለሙያ አሉ። ሥራቸውን ቁጭ ብዬ ማየት ደስ ይለኛል። ምጣዱን ገልብጠው አሮጌውን ሽቦ ያወጣሉ፤ ከሸክላው ሥር የተቀረጸውን ጠመዝማዛ ቦይ በቡሩሽ ይጠርጋሉ። ከዚያ አዲሱን ጥምጥም ሽቦ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይስቡታል። ብዙ ከተሳበ ይላላል፤ ትንሽ ከተሳበ ለቦዩ አይበቃም። አንዱ ጋ ተጠጋግቶ ሌላው ጋ ከሳሳ ደግሞ እንጀራው ባንድ ወገን ያርራል፣ ባንድ ወገን ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀለበቶቹን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ እዚህ እየገፉ እዚያ እየሳቡ፣ ከመሀል እስከ ዳር እኩል ያደርጓቸዋል። በመጨረሻም በጀሶ ይመርጉታል።

አንድ ቀን 30 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስትና ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ የውሃ ማሞቂያ ይዤ ሄድኩ። ሐኪም ጋራን ፊት ለፊት በሚያየው ቤቴ፣ የገብስ ብቅል ውሃን ከጌሾ ጋር በኤሌክትሪክ አፍልቼ ለራሴና ለወዳጆቼ ቢራ መጥመቅ ፈልጌ ነበር። አረጋዊው ድስቱን አላዩትም። ማሞቂያውን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩና፣

«ልጄ፣ ሬዚስታንሱ የስንት ነው?» አሉኝ።

አላወቅሁም። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አነበቡ፤ 120 ቮልት፣ 1,500 ዋት ይላል። «ይኼ የኛን መብራት አይችልም» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስለ ማሞቂያ ምርጫ ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ የያዘችው እሷ ነበረች፤ ከጥያቄዋም ውስጥ አንዷ ቃል።

ሬዚስታንስ ሥሩ ላቲን ነው። «ሲስተሬ» መቆም፣ «ሬ» ወደ ኋላ ወይም በተቃራኒ፤ ሲገጣጠሙ መቋቋም፣ ፊት ለፊት ተገትሮ አላሳልፍም ማለት ይሆናል። ወደ እኛ የገባው እንደ ብዙዎቹ የእጅ ሙያ ቃላት በጣልያንኛ በኩል አይደለም። ጣልያንኛው «ሬዚስቴንጻ» ነው፤ በዚያ በኩል ቢመጣ ኖሮ ዛሬ ሸዋ በር ላይ የምንሰማው «ጻ» ወይም «ሳ» ብሎ የሚጨርስ ቃል በሆነ ነበር። መጨረሻው «ስ» መሆኑ ከፈረንሳይኛ ወይም ከእንግሊዝኛ መምጣቱን ያሳያል። የፈረንሳይ የባቡር ሐዲድ እስከ ድሬዳዋ በደረሰበት በዚህ አገር ደግሞ የፈረንሳይኛ ቃል እንግዳ አይደለም።

ዋናው ነገር ግን ቃሉ እኛ ጋ መጥቶ ያገኘው ሥራ ነው። በፊዚክስ መጽሐፍ ሬዚስታንስ የሽቦው ጠባይ ነው፤ በኦም ይለካል። በኛ ገበያ ራሱ ሽቦው ሬዚስታንስ ተባለ። «ሬዚስታንሱ ተቃጠለ»፣ «ሬዚስታንስ ቀይርልኝ» እንላለን። ጠባዩ የዕቃው ስም ሆነ። ይህ ስህተት አይመስለኝም። ሽቦው የሚግለው ኮረንቲውን ስለሚቋቋም ነው፤ ስሙም የሚግልበትን ምክንያት ይናገራል። እንግሊዞች «ኤለመንት» የሚሉት ቃል ግን ስለ ሥራው አንዳች አይነግረንም።

ኮረንቲም መንገደኛ ቃል ነው። ይኼኛው በእርግጥ ጣልያንኛ ነው፤ «ኮሬንቴ»፣ የሚሮጥ ማለት። ስለዚህ ምጣድ ጠጋኙ «ኮረንቲው ሬዚስታንሱ ላይ ሲደርስ ይግላል» ሲሉ፣ ቃል በቃል «ሯጩ ተቋቋሚው ላይ ሲደርስ» ማለታቸው ነው። ሙሉ የፊዚክስ ትምህርት በሁለት የውሰት ቃላት። ሕዝቡ ደግሞ ከሁለቱ በላይ የራሱን ቃል ይወዳል፤ መብራት ይለዋል። ግዕዙ በርሀ፣ አማርኛው በራ፤ ከዚያ መብራት። ኤሌክትሪክ ወደዚህ አገር ሲገባ መጀመሪያ የታየው በብርሃንነቱ ነበርና ስሙ በዚያው ጸና። ዛሬ የሚጋግረውም፣ የሚፈጨውም፣ ውሃ የሚያፈላውም ያው መብራት ነው፤ ሲሄድም «መብራት ጠፋ» እንጂ «ኃይል ተቋረጠ» የሚል ጎረቤት የለኝም።

ሐረር ለማሽን ስም ስታወጣ እንዲህ ናት። በጀጎል ግንብ ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸውን ደርድረው የሚሰፉበት መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። መኪና እዚያ ጋ ተሽከርካሪ አይደለም፤ የስፌት መኪና ነው። ግርግሩም የመርፌው ድምፅ ነው።

ወደ አረጋዊው ጥያቄ ልመለስ። 120 ቮልት ላይ 1,500 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ ሬዚስታንሱ 9.6 ኦም ነው። ያንኑ ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ላይ ብንሰካው ኮረንቲው ወደ 23 አምፔር፣ ሙቀቱ ወደ 5,000 ዋት ይዘላል፤ ከተሠራበት ልክ ከሦስት እጥፍ በላይ። ሶኬቱም፣ ገመዱም፣ ማሞቂያውም አይችሉትም። በአንጻሩ 240 ቮልት፣ 4,500 ዋት የሚል ሌላ ማሞቂያ ቢመጣልኝ ሬዚስታንሱ 12.8 ኦም ነውና እዚህ ወደ 3,800 ዋት ይሰጣል። ከተጻፈበት ያነሰ፣ ግን ምንም የማያበላሽ። እሱም ቢሆን 17 አምፔር ይጠጣል፤ ለተራ የግድግዳ ሶኬት ይበዛልና የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። በውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ዕቃ ሲልኩላችሁ መጀመሪያ ቮልቱን ጠይቋቸው።

እዚህ ላይ ቃሉ አንድ ወጥመድ አለው። ገበያ ላይ «ትልቅ ሬዚስታንስ ስጠኝ» ስንል ብዙ ዋት ያለውን ማለታችን ነው። በኦም ሲለካ ግን ብዙ ዋት የሚሰጠው ትንሹ ሬዚስታንስ ነው። ቮልቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ተቋቋሚው ሲቀንስ ሯጩ ይበዛል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሻጩ «ትልቅ» ሲላችሁ ዋቱን ይሁን ኦሙን ሳትጠይቁ አትመለሱ።

የዚህን ሙቀት ሕግ ያገኘው ሰው የጠማቂ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን ሳውቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1818 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር አጠገብ ሳልፎርድ ተወለደ። ቤተሰቡ የቢራ ጠመቃ ነበረው፤ እሱም እዚያው ሠርቷል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የሚያወጣው ሙቀት በሬዚስታንሱና በኮረንቲው ስኩዌር ልክ እንደሆነ አሳየ። የታሪክ ጸሐፊዎች ጁል እጅግ ትንሽ የሙቀት ልዩነት የመለካት ችሎታውን ከጠመቃ ቤት ልምዱ ጋር ያያይዙታል። ስሙ ዛሬ የኃይል መለኪያ ሆኗል። አንድ ዋት ማለት በሰከንድ አንድ ጁል ነው። እንግዲህ ማንም ሰው የጠመቃ ድስቱን በኤሌክትሪክ ሲያሞቅ፣ የጠማቂው ልጅ ያገኘውን ሕግ ወደ ተወለደበት ቤት እየመለሰ ነው።

የእኔን ድስት በሱ መስፈሪያ ልስፈረው። ሐረር ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። 30 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከዚያ ለማድረስ 9.3 ሚሊዮን ጁል ይፈልጋል። 3,000 ዋት ያለው ማሞቂያ፣ በድስቱ ጎን የሚያመልጠውን ሙቀት ሳንቆጥር፣ 52 ደቂቃ ይፈጅበታል። 1,500 ዋት ያለው እጥፉን፤ ያውም ክዳን ካልተከደነ ሲንተከተክ ማየት ይናፍቃል። ለ30 ሊትር ከ3,000 ዋት በታች አልመክርም።

ድስት የሚለው ቃል ራሱ ከፋርስ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፤ ዐረብኛው ትልቅ የመዳብ መቀቀያን «ዲስት» ይላል። ከዘይላ ወደ ሐረር ይመላለስ የነበረው ቅፍለት ስንት የመዳብ ዕቃ እንዳራገፈ ለሚያስብ ሰው ይህ አይደንቅም። ማንቆርቆሪያ ደግሞ የቤት ልጅ ነው። አንቆረቆረ ከሚለው የወጣ፣ በቀጭኑ የሚያፈሱበት ማለት። ልብ ብላችሁ ከሆነ ውሃ የምናፈላበትን ዕቃ የሰየምነው በማፍላቱ አይደለም፤ በመቅዳቱ ነው። አፋችን ለማፍላት እምብዛም የማይጨነቅ ይመስላል። ምክንያቱን ያገኘሁት ጠመቃ ውስጥ ነው።

እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ለጠመቃ ያላቸው ግስ ከጥንታዊ ሥሩ መፍላትና መንተክተክ ማለት ነው፤ ከዚያው ሥር የሾርባ ስማቸው ወጥቷል። ለነሱ ጠማቂ ማለት አፍይ ነው። እኛ ግን ጠመቀ አልን። ግዕዙ ጠምቀ ተነከረ፣ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ጥምቀትም ከዚሁ ነው። ለአማርኛ ጠማቂ ማለት ነካሪ ነው። ልዩነቱ ከቃል ጨዋታ የመጣ አይደለም፤ ከሥራው የመጣ ነው። በተለመደው የጠላ አሠራር እሳት የሚነካው ደረቁን ወይም እርጥቡን እህል እንጂ መጠጡን አይደለም። አሻሮው ይታመሳል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ እንኩሮው በምጣድ ይበስላል፤ ከዚያ ሁሉም በወይራ በታጠነው እንስራ ወይም ጋን ውስጥ ከጥንስሱ ላይ ይነከራል። እሳቱ ምጣድ ላይ ይቀራል። የኛ የጠመቃ ዕቃ ድስት ሳይሆን ምጣድ የሆነው ለዚህ ነው፤ ምጣድም ጣደ ከሚለው የወጣ፣ እሳት ላይ የሚጣድ ማለት ነው። ወደ ምጣድ ጠጋኙ የቢራ ድስቴን ይዤ መሄዴ ያለ ነገር አልነበረም።

ታዲያ ፈላ የት ገባ? ግዕዙ ፈልሐ ነው፤ ሐውቷ ጠፍታ ፈላ ቀረ። የአዲስ አበባው ፍል ውሃ የሚጠራው በሱ ነው። አማርኛ ግን ይህን ግስ ለእሳት ብቻ አልተወውም። ጋን ውስጥ ያለው ጠላ እሳት ሳይነካው ሲንተከተክና አረፋ ሲያወጣ «ፈላ» ይባላል። ላቲንም እንዲሁ ነው፤ «ፌርቬሬ» መፍላት ነው፤ ከሱም እርሾ ለሚሠራው ሥራ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የተስፋፋው «ፌርሜንቱም» ወጣ። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች አረፋውን አይተው አንድ ነገር አሉ።

ድስት ላይ ለሚጠምቅ ሰው ግን ይህ መንታነት አደጋ አለው። የመጀመሪያው ፈላ እርሾን ይገድላል፤ ሁለተኛው ፈላ የሚሠራው ሕይወት ባለው እርሾ ነው። «ካፈላህ በኋላ እርሾ ጨምር» የሚል ማስታወሻ የጻፈ ሰው፣ ብቅሉ ውሃ ሳይበርድ እርሾውን ለሚጨምር ጀማሪ ተጠያቂ ነው። እኔ በደብተሬ የመጀመሪያውን «በእሳት ፈላ»፣ ሁለተኛውን «በእርሾ ፈላ» ብዬ እለያቸዋለሁ። ከዚያም ሦስተኛ አለ፤ ከጠጣነው በኋላ «ሞቅ አለው» የምንለው። ሞቀ፣ ሙቀት፣ ማሞቂያ፣ ሞቅታ፤ ከሬዚስታንሱ እስከ ጠጪው አንድ ግስ ይዘረጋል።

ብቅል የሚለውን ቃል የምወደው በትክክለኛነቱ ነው፤ የበቀለ ማለት ብቻ። ቡቃያም ወንድሙ ነው። ግዕዝ ይህን በቈለ ብሎ በ«ቈ» ይጽፈዋል፤ ቂም መመለስን ደግሞ ተበቀለ ብሎ በተራው «ቀ»። አማርኛ ሁለቱን አንድ ስላደረጋቸው ብቅልና በቀል ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ አይደሉም። ብቅል ውስጥ ያለው ስኳር ግን ማሞቂያውን ካልመረጡለት በርግጥ ይበቀላል። ማሞቂያው አጭርና በጣም የሚግል ከሆነ ስኳሩ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ያርራል፤ የቢራው ጣዕም የተቃጠለ ወጥ ይሆናል። ስለዚህ ዋቱን ብቻ ሳይሆን ዋቱ የተዘረጋበትን ስፋት ጠይቁ። በአንድ ሴንቲሜትር ካሬ 8 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሚያወጣ፣ ረጅምና ብዙ ጊዜ የታጠፈ ማሞቂያ ለብቅል ውሃ ይሆናል። 23 ዋት ገደማ የሚያወጣው አጭሩ ለንጹሕ ውሃ እንጂ ለብቅል አይደለም። አረጋዊው ቀለበቶቹን በጣታቸው እኩል የሚያደርጉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሙቀት አንድ ቦታ ሲጠራቀም እንጀራም ብቅልም ያርራል።

ሽቦው ራሱ ከኒኬልና ከክሮሚየም የተቀላቀለ ነው፤ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከዚያ በፊት ደጋግሞ ግሎ ሳይበላሽ የሚቆይ እንዲህ ያለ ሽቦ አልነበረም። ኒኬል የሚለው ስም የመጣው ከጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ነው። መዳብ የሚመስል ማዕድን አውጥተው መዳብ ሲያጡበት ርኩስ መንፈስ አታለለን ብለው የሰይጣን ስም ሰጡት። ሲያነጥሩት እምቢ ያላቸው ብረት ዛሬ በየቤታችን እንጀራ ይጋግራል። ድስት ውስጥ በሚገባው ማሞቂያ ይህ ሽቦ ራቁቱን አይደለም። ኮረንቲ በማያሳልፍ ነጭ ዱቄት ታሽጎ በማይዝግ ቱቦ ይሸፈናል። ያም ሆኖ ድስቱ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ይኑረው፤ ማሞቂያውም ውሃ ሙሉ በሙሉ ሳይሸፍነው አይብራ። ሬዚስታንሱም እንደ እህሉ ይጠመቅ።

ቀና ስል ሐኪም ጋራ ይታየኛል። ጋራ የኦሮምኛ ቃል ነው፤ ተራራ። ሐኪም ዐረብኛ ነው፤ በጋራው ላይ መቃብራቸው የሚዘየረው ቅዱስ፣ ሐረሪዎች አው ሐኪም የሚሏቸው፣ ስማቸውን ለተራራው ሰጡ። አው በሐረሪ አባት ማለት ነው። ሦስት ቋንቋ በአንድ ተራራ። ስሙ ወደ ጠርሙስም ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ጥቁሩን ቢራ ሐኪም ስታውት አለው፤ አልኮል ለማይጠጣውም ሶፊ የሚባል የብቅል መጠጥ አወጣ፣ ሶፊም የሐረሪ ክልል ወረዳ ስም ነው።

ሐኪም በዐረብኛ መጀመሪያ ጥበበኛ፣ ቀጥሎ ፈዋሽ ነው። ዐረብኛ ለፈዋሽ ሌላም ስም አለው፤ ጠቢብ። ግዕዝም ጠቢብ አለው፣ ትርጉሙ ጥበበኛ። አማርኛ ከዐረብኛ ሐኪምን ለፈዋሽ ወሰደ፤ የራሱን ጠቢብ ደግሞ አንዱን ወገን ለሊቅ አስቀርቶ፣ ሌላውን ጠይብ አድርጎ ለሸክላ ሠሪና ለብረት ቀጥቃጭ ሰጠ። ያንኑ ሰው መልሶ ቡዳ ብሎ ሰደበው። በደቡብ በኩል ወደ ሐኪም ጋራ የሚያወጣውን የጀጎል በር፣ በድሮ በሪንም አማርኛ ቡዳ በር ይለዋል። ጥበበኛ የሚል ስም ሰጥቶ በዚያው አፍ መናቅ ከቋንቋችን ጠባሳዎች ሁሉ የሚያመኝ ነው። ምጣዱን ያበጀው፣ እንስራውን የገነባው፣ ሽቦውን በጣቱ ያስተካከለው ጠይብ ነው።

አዲስ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ወገኖች ሆይ፣ ሬዚስታንስን ከመጽሐፉ ትርጉም ጋር ብቻ አትጻፉት። የጠይቡን ትርጉም አስቀድሙ፤ «ኮረንቲ ሲያልፍበት የሚግል የምጣድ፣ የምድጃ ወይም የድስት ሽቦ» በሉ። ሌላ ስም አትፍጠሩለት፤ ስም አለው።